«የሰይጣን ቤት» ማን አለው?

ስለ አዲስ አበባ የቀድሞ ጨዋታ፣ ሲኒማና ቴአትር ለአዲስ አንባቢያን የተደረገ ንግግር



ማንበብ ከጀመራችሁ ወዲህ ስለ ብዙ ነገር አንብባችኋል። ስለ ውሃ ንጽሕና፣ ስለ ወባ፣ ስለ ከብት በሽታ፣ ስለ አፈር መሸርሸር አንብባችኋል። ዛሬ እኛ ከዩኒቨርሲቲ መጥተን አብረናችሁ የምንኖረው ልጆቻችሁ የምናነጋግራችሁ ግን ስለ ጨዋታ ነው። «ምነው፣ ጨዋታ ደግሞ ምን ቁም ነገር አለው?» የሚል ይኖራል። እስቲ መጀመሪያ አድምጡን። ፍርዱ በኋላ የእናንተ ነው።

ነገራችን በአዲስ አበባ ስለሆነው ነው። ዘመኑም ከአድዋ ድል እስከ ፋሺስት ጣሊያን ወረራ ያለው ነው። ማለት ከ1888 እስከ 1928 ዓ.ም. ያለው አርባ ዓመት ነው። ዓመቱን ሁሉ የምንቆጥረው በአገራችን አቆጣጠር ነው።

በእነዚያ አርባ ዓመታት ሁለት አዲስ ጨዋታዎች ወደ ከተማይቱ ገቡ። አንዱ ሲኒማ ነው። ሁለተኛው ቴአትር ነው። ሲኒማ የሚታይበትን ቤት ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» አለው፤ ሲኒማው ግን ቀጠለ። ቴአትሩ ግን ገና ከመጀመሩ ተከለከለ። ይህ ለምን ሆነ? ዛሬ የምንነጋገረው በዚህ ነው።

ከሁለቱ በፊት

ሲኒማና ቴአትር ከመምጣታቸው በፊት ሕዝባችን ጨዋታ አልነበረውም እንዳንል። ይህንን እናንተ ከእኛ ይበልጥ ታውቃላችሁ። በገና በዓል ወጣቱ ዱላውን ይዞ እሩር ይለጋል። በጥምቀት ፈረሰኛው ጉግስ ይጫወታል። በሠርግ ይዘፈናል፤ ይጨፈራል። በዘመቻ ይፎከራል፤ ይሸለላል። ሰው ሲሞት አልቃሿ የሟቹን ሥራ በግጥም ታወርዳለች፤ ለቀስተኛውም ይቀበላታል። ማታ ማታ እሳት ዳር ተረት ይነገራል። ጥሩ ተረት አዋቂ ደግሞ ጅቡን እንደ ጅብ፣ ጦጣዋን እንደ ጦጣ አድርጎ ያናግራቸዋል። ይህ ሁሉ የቴአትር ዘመድ ነው።

አዝማሪም አለ። አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ከሠርግ ቤት እስከ ቤተ መንግሥት ይገባል። ያሞግሳል፤ ሲፈልግም በሰምና ወርቅ ይወጋል። ሰሙን ብቻ የሰማ ጌታ ስቆ ይሸልመዋል። ወርቁ የገባው ሰው ግን ከንፈሩን ነክሶ ዝም ይላል። አዝማሪ ያስቃል፤ ያስለቅሳል፤ ወሬ ካገር አገር ያደርሳል። ታዲያ ይህን ሁሉ እያደረገ ክብር አልነበረውም። «አዝማሪ» የሚለው ስም ስድብ ሆኖ ኖሯል። ይህን ነገር ያዙልን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆረቆረች። ከአድዋ ድል በኋላ ከየአገሩ ሰው እየመጣባት ሰፋች። በዚያን ጊዜ የከተማይቱ ትልቁ ድግስና ጨዋታ በቤተ መንግሥቱ አዳራሽ የሚደረገው ግብር ነበር። አፄ ምኒልክ በሺህ የሚቆጠር ሰው ያበሉ ነበር። አዝማሪው ይዘፍናል፤ ፎካሪው ይፎክራል። ሰው የሚገባው ግን በማዕረጉ ነው። መጀመሪያ መሳፍንቱና መኳንንቱ፣ ቀጥሎ ሹማምንቱ፣ ከዚያም ወታደሩ በተራ በተራ ይገባል።

እስቲ «ግብር» የሚለውን ቃል ልብ በሉ። ሁለት ትርጉም አለው። ገበሬው ለመንግሥት የሚከፍለው ግብር ይባላል። ንጉሡ የሚያበላውም ግብር ይባላል። በአዳራሹ የሚበላውና የሚጠጣው ሁሉ፣ እህሉ ከገበሬው ጎታ፣ ማሩ ከገበሬው ቀፎ፣ ሰንጋው ከገበሬው በረት የመጣ ነው። ስለዚህ አንዱ ግብር ባይኖር ሁለተኛው ግብር አይኖርም ነበር። የጥንቷ አዲስ አበባ ጨዋታ በማን ላብ ይደገስ እንደነበረ ከዚህ ቃል ብቻ ይገባናል።

ጨዋታ በገንዘብ

ከአድዋ በኋላ የውጭ አገር ሰዎችም በዙ። ግሪኮች፣ አርመኖች፣ ሕንዶች፣ ፈረንሳዮችና ሌሎችም ሱቅና ሆቴል ከፈቱ። እቴጌ ጣይቱም በ1898 ዓ.ም. ገደማ ሆቴል አቋቁመዋል። ሆቴል ማለት ሰው ገንዘብ ከፍሎ የሚበላበትና የሚያድርበት ቤት ነው። ለዚያን ዘመን ሰው ይህ እንግዳ ነገር ነበር። መንገደኛን የእግዜር እንግዳ ብሎ ማብላት እንጂ እንጀራን ለእንግዳ መሸጥ የተለመደ አልነበረምና።

ከሆቴሉ ጋር ሌላ አዲስ ነገር መጣ። ይኸውም ጨዋታን በገንዘብ መግዛት ነው። በግብር አዳራሽ ሰው የሚገባው በማዕረጉ ነበር። በሲኒማ ቤት ግን የሚገባው በኪሱ ነው። ገንዘብ ያለው ይገባል፤ የሌለው ደጅ ይቀራል። በሁለቱም ደጅ የሚቀር ሰው ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልገንም። እናንተው ታውቁታላችሁ።

ሲኒማ ምንድን ነው?

ሲኒማ የተጀመረው በውጭ አገር ነው። ሉሚዬር የሚባሉ ሁለት ፈረንሳዮች፣ ወንድማማቾች ናቸው፣ ፓሪስ በሚባለው ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ ሕዝብን አስከፍለው ሲኒማ ያሳዩት በታኅሣሥ 1888 ዓ.ም. ነው። ወሩንና ዓመቱን ልብ በሉ። የአድዋ ጦርነት የሆነው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ በፓሪስ ሰዎች ሲኒማ ሲያዩ የእኛ አባቶችና እናቶች ስንቃቸውን አዝለው ጉዞ ላይ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሳይቆይ የሲኒማ መኪና ወደ አገራችን መጣ። አፄ ምኒልክ የአዲስ መሣሪያ ወዳጅ ነበሩ። ስልኩን፣ የውሃውን ቧንቧ፣ አውቶሞቢሉን እንደተቀበሉ ሲኒማውንም በቤተ መንግሥታቸው አይተውታል። በዘመናቸው መጨረሻ ግድም ደግሞ ገንዘብ የከፈለ ሁሉ የሚያይበት ቤት በከተማው ተከፈተ። ያ ቤት ዛሬ ቴዎድሮስ አደባባይ ከሚባለው አካባቢ ነበር። ሕዝቡም «የሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው። ስሙም ለብዙ ዘመን ቆየ።

ለምን እንዲህ ተባለ? እስቲ ራሳችሁን በዚያን ጊዜ ሰው ቦታ አድርጉ። በር ይዘጋል። ቤቱ ይጨልማል። ከኋላ መኪና ይንኳኳል። ወዲያው ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ብርሃን ይወጣና ሰው ይታያል። ሰውየው ይሄዳል፤ ይሮጣል፤ አፉን ያንቀሳቅሳል። ድምፅ ግን የለውም። ብትነኩት ግድግዳ ነው። መብራቱ ሲመለስ ሰውየው የለም። ይህን ያየ ሰው፣ የሚያስረዳው ካጣ፣ ምን ይበል? ሥጋ የሌለው፣ ድምፅ የሌለው፣ በጨለማ የሚታይ ነገር ምን እንደሚባል ከልጅነቱ የተነገረው አለ። ያንኑ አለ።

ስለዚህ ያን ሕዝብ «መሃይም ነበር» ብለን ልንስቅበት አይገባም። ሕዝቡ ያየውን በሚያውቀው ቃል ጠራው። ሳያስረዱት ገንዘቡን ብቻ የተቀበሉት ሰዎች ናቸው የሚወቀሱት።

አሁን እኛ እናስረዳችሁ። ልጆች ማታ ጫፉ የጋመ እንጨት ይዘው በጨለማ ሲያሽከረክሩ አይታችኋል። ምን ይታያችኋል? የእሳት ቀለበት ይታያል። ቀለበት ግን የለም። ያለው አንድ ፍም ብቻ ነው። ፍሙ ከቦታ ቦታ በፍጥነት ስለሚሄድ ዓይናችን የፊተኛውን ሳይረሳ የኋለኛው ይደርስበታል። ስለዚህ ሁሉም ተቀጣጥሎ ቀለበት ይመስላል።

ሲኒማም እንዲሁ ነው። በረጅም ጥብጣብ ላይ ብዙ ትንንሽ ፎቶግራፎች አሉ። ጥብጣቡ ፊልም ይባላል። በአንደኛው ፎቶግራፍ ሰውየው እግሩን ሊያነሳ ነው። በሁለተኛው ጥቂት አንስቷል። በሦስተኛው ይበልጥ አንስቷል። በመኪናው ውስጥ ኃይለኛ መብራት አለ። ጥብጣቡ በመብራቱ ፊት ሲያልፍ የፎቶግራፉ ጥላ ግድግዳው ላይ ያርፋል። በዚያን ዘመን ሠራተኛው መኪናውን በእጁ ያዞር ነበር። በአንድ ሰከንድ፣ ማለት አንድ ጊዜ ልብ በምትመታበት ጊዜ ውስጥ፣ አሥራ ስድስት ያህል ፎቶግራፎች ያልፋሉ። ዓይናችን ለይቶ አይቆጥራቸውም። ሰውየው የሄደ ይመስለዋል። ሰይጣኑ ይኸው ነው፤ መብራት፣ ጥብጣብና የዓይናችን ጠባይ።

አንድ ነገር እንጨምር። ያን ጊዜ ፊልም ድምፅ አልነበረውም። በአሜሪካ አገር የሚናገር ፊልም ለሕዝብ የቀረበው በ1920 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ፊልሞች በየመካከላቸው ጽሑፍ ያሳዩ ነበር። ሰውየው ምን እንዳለ የሚታወቀው በጽሑፉ ነበር። ጽሑፉም የባዕድ ቋንቋ ነበር። ስለዚህ ገንዘብ ከፍሎ የገባውም የከተማ ሰው ቢሆን ያየውን ሁሉ ተረድቶ ወጣ ማለት አይቻልም። ዓይኑ አየ እንጂ ነገሩ አልተነገረውም። ማንበብ አለመቻል ሰውን በገዛ ገንዘቡ በገባበት ቤት እንኳ ደጅ ያስቀረዋል።

የአውሬዎቹ ጨዋታ

አሁን ወደ ቴአትር እንምጣ። ቴአትር ማለት ሰዎች የሌላ ሰው ጠባይና ንግግር ይዘው በመድረክ ላይ አንድ ታሪክ የሚያሳዩበት ጨዋታ ነው። ሲኒማ ጥላ ነው። ቴአትር ግን ሕያው ሰው ነው። የሚናገረውም በሚሰማው ሕዝብ ቋንቋ ነው። ልዩነቱን ያዙት።

በአማርኛ ለመጀመሪያ ጊዜ ቴአትር የጻፉት በኋላ በጅሮንድ የተባሉት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ተክለ ሐዋርያት በ1876 ዓ.ም. ተወለዱ። ከአድዋ ድል በኋላ ገና ልጅ ሳሉ ወደ ሩሲያ ሄደው አደጉ፤ የመድፍ ትምህርትም ተማሩ። አገራቸው ሲመለሱ ጉቦው፣ የአስተዳደሩ ብልሹነት፣ የአገሩ ወደ ኋላ መቅረት አሳዘናቸው። ታዲያ ይህን ፊት ለፊት መናገር ያስቸግራል። አበው «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ይሉ የለም? እሳቸውም ነገሩን በእንስሳት አስመሰሉት። ላ ፎንቴን የሚባል የጥንት የፈረንሳይ ባለቅኔ የእንስሳት ተረቶችን በግጥም ጽፎ ነበር። እንደዚያ ባሉ ተረቶች ላይ ተመሥርተው «ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የሚል ቴአትር ጻፉ። ፋቡላ ማለት ተረት ነው። ኮሜዲያ ማለት የሚያስቅ ቴአትር ነው።

የእንስሳት ተረት ምን ኃይል አለው የሚል ካለ የራሳችንን ተረት ያስታውስ። ጅብና አህያ ወንዝ ወረዱ። ጅቡ ከላይ ሆኖ ይጠጣል፤ አህያይቱ ከታች ሆና ትጠጣለች። ጅቡ «ውሃውን አደፈረስሽብኝ» አላት። ውሃ ወደ ላይ አይፈስም። አህያይቱም ነገሩ ገባትና «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» አለችው። ይህችን ተረት የሰማ ሰው ሁሉ ይስቃል። ሲስቅ ግን ጅቡ ማን እንደሆነ ያውቃል። አንዱ ጭቃ ሹሙን ያስባል፤ አንዱ ዳኛውን ያስባል፤ አንዱ ጎረቤቱን ያስባል። ተራቹ የማንንም ስም አልጠራም። ስሙን የሚጨምረው ሰሚው ነው። የቴአትር ኃይል ይኸው ነው።

«ፋቡላ» በ1913 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ቴራስ በሚባል ሆቴል ታየ። ተመልካቾቹ በአብዛኛው መኳንንትና ሹማምንት ነበሩ። የተጻፈው ስለ ሹማምንት ነው፤ የታየውም ለሹማምንት ነው። ጅቡና ቀበሮው እነማን እንደሆኑ ለመገመት አልተቸገሩም። ወሬው ንግሥት ዘውዲቱ ዘንድ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ቴአትሩ ታገደ። የታተመውም መጽሐፍ እንዲሰበሰብ ተደረገ። ለብዙ ዓመታት ሌላ ቴአትር በከተማው ሳይታይ ቀረ።

እንግዲህ የጠየቅነው ጥያቄ መልሱ ከዚህ ላይ ነው። ሲኒማውን ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» አለው፤ ያልተረዳው ነገር ነበርና። ሲኒማው ግን አልተዘጋም። የባዕድ አገር ሰው በግድግዳ ላይ ቢሮጥ ማንን ይነካል? ቴአትሩ ግን በአማርኛ ተናገረ። የተናገረውም ስለዚሁ አገር ጉቦና በደል ነው። ሁሉም ተረዳው። ስለዚህ ተከለከለ። ሕዝቡ ያልተገለጸለትን ነገር ፈራ። ገዢዎቹ የተገለጸውን ነገር ፈሩ። ሁለቱ ፍርሃቶች አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ፍርሃት በማስረዳት ይጠፋል። ሁለተኛው ግን በማስረዳት ይብሳል።

ቴአትር ሲመለስ

ንግሥት ዘውዲቱ በ1922 ዓ.ም. ዐረፉ። አፄ ኃይለ ሥላሴ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ ጫኑ። ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ቴአትር እንደገና ተፈቀደ። የመጀመሪያው ቴአትር ጸሐፊ ተክለ ሐዋርያትም በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የአገሪቱን የመጀመሪያ የተጻፈ ሕገ መንግሥት ያዘጋጁ ሰው ሆኑ። አንድ ጊዜ ጽሑፋቸው የተሰበሰበባቸው ሰው ሌላ ጊዜ ሕግ ጻፉ። ዘመን እንዲህ ይለዋወጣል።

በዚህ በሁለተኛው ጊዜ ቴአትር ያዘጋጁ የነበሩት የትምህርት ቤት መምህራን ናቸው። ከእነርሱ መካከል መላኩ በጎሰው በምኒልክ ትምህርት ቤት፣ ዮፍታሔ ንጉሤ በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት ነበሩ። ዮፍታሔ የገጠር ልጅ ናቸው። የተወለዱት በጎጃም ደብረ ኤልያስ ነው። ቅኔ የተማሩትም በአብነት ትምህርት ቤት ነው። ያን የቅኔ ችሎታ ይዘው ወደ ከተማ መጡና በመድረክ ላይ አዋሉት። በቴአትሮቻቸው ውስጥ ግጥምና መዝሙር ይበዛ ነበር። እንግዲህ ቴአትር ከውጭ አገር የመጣ ነገር ቢሆንም አንደበቱ ከአገር ቤት የመጣ ነው።

የተፈቀደው ቴአትር ግን እንደ መጀመሪያው አልነበረም። ተማሪዎቹ በንጉሡና በመኳንንቱ ፊት ይጫወታሉ። ምክር፣ ግብረ ገብ፣ የአገር ፍቅርና ምስጋና ይበዛበታል። ምክር መልካም ነው፤ የአገር ፍቅርም መልካም ነው። ነገር ግን የአውሬዎቹ ጨዋታ የደረሰበትን ሁሉም ያስታውሳል። አንድ ጊዜ እባብ የነደፈው ሰው በልጥ ይደነብራል። ደራሲ ሲፈራ ወርቁን ይቀብርና ሰሙን ብቻ ይሸጣል።

የሴቶች ቦታ

አሁን እናቶቻችንና እኅቶቻችን በተለይ አድምጡን። በእነዚያ ዓመታት በቴአትር ውስጥ ሴት ካለች፣ እናት ትሁን ሙሽራ፣ እንደ ሴት ለብሶ የሚጫወተው ወንድ ልጅ ነበር። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ተዋንያኑ የትምህርት ቤት ልጆች ነበሩ፤ ትምህርት ቤቱም የወንዶች ነበር። የምኒልክ ትምህርት ቤት በ1901 ዓ.ም. ገደማ ሲከፈት ለወንዶች ነው። በእቴጌ መነን ስም የተጠራው የሴቶች ትምህርት ቤት የተከፈተው ግን በ1924 ዓ.ም. ነው። ሁለተኛ፣ ሴት በሰው ፊት ወጥታ ብትጫወት «አዝማሪ ሆነች» ተብላ ትሰደብ ነበር። ያን ያዙልን ያልናችሁ ስድብ ይኸው ነው። በወንዱ ላይ ስድብ ነበር፤ በሴቷ ላይ ደግሞ እስር ሆነ።

ሴቶች በመድረክ ላይ መታየት የጀመሩት ከድል በኋላ ነው። ከመጀመሪያዎቹ አንዷ ሰላማዊት ገብረ ሥላሴ ናቸው። እስከዚያ ድረስ ግን የከተማው ቴአትር በአንድ እጁ ብቻ ያጨበጭብ ነበር።

ይህ ሲሆን በገጠሩ አልቃሿ መቼም ቢሆን ዝም አላለችም። በመቶ ሰው መካከል ቆማ፣ ግጥም ከልቧ እያፈለቀች፣ ጀግናውን ታነሳለች፤ ፈሪውን ትነካለች። ማንም «ሴት ናትና ዝም ትበል» አላላትም። ታዲያ በሐዘን የተፈቀደላት በደስታና በቁም ነገር ለምን ይከለከላታል? ይህን ጥያቄ ከከተማው ይልቅ በመንደራችን ብናነሳው ይሻላል።

መድረኩ ወደ አደባባይ ሲወጣ

በኅዳር 1927 ዓ.ም. በወልወል ግጭት ሆነ። ጣሊያን አገራችንን ሊወር እየተዘጋጀ እንደሆነ ታወቀ። በሐምሌ ወር 1927 ዓ.ም. መኮንን ሀብተ ወልድ የኢትዮጵያ ሀገር ፍቅር ማኅበር የሚባለውን አቋቋሙ። በምኒልክ አደባባይ ሕዝብ ይሰበሰባል። ተናጋሪው ይናገራል፤ ዘፋኙ ይዘፍናል፤ ፎካሪው ይፎክራል። ለመግባት ማዕረግ አያስፈልግም፤ ገንዘብም አያስፈልግም። እንጨት ተሸካሚው፣ ዘበኛው፣ ከገጠር የመጣው ገበያተኛ ሁሉ ቆሞ ይሰማል።

እስቲ ይህን ከፊተኛው ጋር አስተያዩት። በግብር ጊዜ ድሃው ደጅ ነበር። በሆቴልና በሲኒማ ጊዜም ደጅ ነበር። «ፋቡላ» ሲታይም ደጅ ነበር። አገር ስትወረር ግን መድረኩ ራሱ ወደ ድሃው መጣ። ለምን? አገርን የሚያድነው እሱ እንደሆነ ሁሉም ያውቃልና። ለመሞት የሚፈለግ ሕዝብ ለመሳቅና ለማወቅም ሊፈለግ ይገባው ነበር።

ወራሪው በመስከረም 1928 ዓ.ም. ድንበር ተሻገረ። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ማኅበሩም ተበተነ። ፋሺስቶቹ በያዙት አገር ነጩንና ጥቁሩን በመኖሪያም በመዝናኛም የሚለይ ሕግ አወጡ። በገዛ አገሩ ሰውን በማዕረጉ ሳይሆን፣ በኪሱም ሳይሆን፣ በቆዳው ቀለም ደጅ አስቀሩት። ከድል በኋላ ሀገር ፍቅር ቴአትር ሆኖ እንደገና ሥራ ጀመረ። ለብዙ ዐሥርት ዓመታትም የዘፈንና የቴአትር ሰዎችን አፈራ።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይለናል?

በከተማ በሚሠሩ ብዙ ቀልዶች ውስጥ «ባላገር» የሚባል ሰው አለ። አስፋልት መሻገር ያቅተዋል። በመስተዋት ውስጥ ራሱን አይቶ ሌላ ሰው ይመስለዋል። ሰው ሁሉ ይስቅበታል። ይህ ቀልድ ለምን እንዲህ ሆነ? የጻፈው የከተማ ሰው ስለሆነ ነው። ባላገሩ ብዕር ቢይዝ ኖሮ የከተማ ልጅ በሬ ጠምዶ ማረስ ሲያቅተው፣ ስንዴን ከገብስ መለየት ሲያቅተው ይጽፍ ነበር። ያን ጊዜ ማን በማን ይስቅ ነበር? እኛ ተማሪዎች እዚህ በመጣን ሰሞን ሞፈርና ቀንበር ስናደባልቅ ያያችሁ ሰዎች መልሱን ታውቁታላችሁ።

ዛሬ ብዕሩን ይዛችኋል። እንግዲህ አንድ ነገር ልንጠይቃችሁ እንወዳለን። የመንደራችሁን ነገር ራሳችሁ ጽፋችሁ ተጫወቱት። መጋረጃ አያስፈልግም። የዋርካ ጥላ ወይም አውድማ ይበቃል። አምስት ሰው ይበቃል። አንዱ ይጽፋል፤ አንዱ ያነባል፤ ሌሎቹ ያጠኑታል። ስለምን? የጎረቤቱን ድንበር በሌሊት ስለሚገፋ ሰው። በሐሰት ስለሚመሰክር ሽማግሌ። በገበያ ሚዛን ስለሚያጭበረብር ነጋዴ። ልጅቱ ሳትጠየቅ ስለምትዳርበት ሠርግ። የማንንም ስም አትጥሩ። ስሙን ሰሚው ይጨምረዋል። ጨዋታው ሲያልቅ ተቀምጣችሁ ተነጋገሩበት።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። እኛም በመንደራችን የምንስቅባቸው ሰዎች አሉ። ሸክላ ሠሪዋን «ቡዳ» እንላለን። ሸማኔውን በሥራው እንንቃለን፤ የሸመነውን ግን እንለብሳለን። አዝማሪውን ዘፈኑን ሰምተን ስሙን ስድብ እናደርገዋለን። አካለ ስንኩሉን እንቀልድበታለን። ትላልቆቹ በእኛ ሲስቁ የሚያመን ከሆነ እኛ ከእኛ በታች ባለው ስንስቅ እሱንም ያመዋል። ስለዚህ በአህያይቱ አትሳቁ። በጅቡ ሳቁ። ጅቡ ቢቆጣ ደግሞ አትደንግጡ። የተቆጣው ተረቱ ስለገባው ነው።

አሁን ተራው የእናንተ ነው። በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ተወያዩ።

1. ሕዝቡ ሲኒማ ቤቱን «የሰይጣን ቤት» ያለው ለምንድን ነው? በእኛ መንደርስ ሳናውቀው የሰይጣን ሥራ ያልነው ነገር አለ?

2. «ፋቡላ» የተከለከለው ሰው ስላልተረዳው ነው ወይስ ስለተረዳው?

3. በመንደራችን ቴአትር ብንሠራ የመጀመሪያው ስለምን ይሁን? ማን ይጻፈው? ሴቶቹስ የራሳቸውን ቦታ ራሳቸው ይጫወቱታል?

ሦስተኛውን በቃል ብቻ አትመልሱት። ደብተራችሁን አውጡና ጻፉት።